ድካምና ጨዋታ፤ በእርሻ ትምህርት ቤቶች የሴት ተማሪዎች ስፖርት ታሪክ ከደብረ ታቦር አካባቢ አንጻር ሲታይ

የአገራችን የእርሻ ትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ስለ ሠርቶ ማሳያው ማሳ፣ ስለ ምርጥ ዘሩና ስለ ወተት ላሙ ብዙ ይነገራል። ስለ ስፖርት ሜዳው የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሴት ተማሪዎች ስለነበራቸው ድርሻ የሚጻፈው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ለዚህ ዝምታ ምክንያት የሆነ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ይኸውም «የገበሬ ልጅ በሥራ የጠነከረች ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትቆፍርና ስታርም የዋለች ልጅ ኳስ ብትጫወት ምን ይጨመርላታል?» የሚለው ነው። ክርክሩ ለልጅቱ ያዘነ ስለሚመስል የሚቃወመው ሰው አይገኝም። መምህሩም የትምህርት ዐቅድ አውጪውም ሳያስበው ይቀበለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ አገር ምሳሌነት መመርመርና በእርሻ ትምህርት ቤቶች ላይ ያስከተለውን ውጤት ማሳየት ነው።

ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የየጁው ራስ ጉግሣ መናገሻ አድርገው እንደ ቆረቆሯት ይነገራል። በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አድርገዋታል፤ መድፍ ያሠሩበት ጋፋትም በአቅራቢያዋ ነው። ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ይታያል። ከጉና የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ምዕራብ ወርደው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ከደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሲወረድ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወረታ ትገኛለች። እንግዲህ በአንድ ዞን ውስጥ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ውርጭ፣ ጤፍ የሚዘራበት ወይና ደጋና ሩዝ የለመደ ረግረጋማ ሜዳ ተጎራብተው ይኖራሉ ማለት ነው። በዚህ አገር የሚወለድ ሰው ሁሉ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ አቀበትና ቁልቁለት የሚማረው እግር ከተከለበት ቀን ጀምሮ ነው።

በዚህ አቀበት ላይ የሴት ልጅ ድርሻ ምን እንደ ነበር ለማንም የተሰወረ አይደለም። ውኃ በእንስራ አዝላ ከምንጭ ታመጣለች፤ እንጨት ትለቅማለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ ወፍጮ ላይ ተደፍታ ትፈጫለች፣ በክረምት ደግሞ ከአረም ላይ አትነሣም። በሬ ጠምዶ ማረስ ብቻ የወንድ ሆኖ ቆየ። ዐፄ ቴዎድሮስ «ሴባስቶፖል» የተባለውን ትልቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ መድፉን በገመድ የጎተቱት ብዙ ሺህ ወንዶች በታሪክ ይነሣሉ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ጦር ያለ ሴቶች አይዘምትም ነበር። ዱቄቱን ፈጭተው፣ ገንቦውን አዝለው፣ ጦሩ በሰፈረበት ሁሉ ምግብ ያበሰሉ ሴቶች ያንኑ ገደል ወጥተዋል፤ ያንኑ ወንዝ ተሻግረዋል። የእነርሱ ጉዞ ጉልበት ተብሎ አልተቆጠረም፤ የቤት ሥራ የሰፈር ቦታ ለውጦ መቀጠሉ ተደርጎ ነው የታየው። ጸሐፊው ይህን የሚያነሣው ለጀግንነት ሙገሳ አይደለም። የሴት የአካል ብርታት በሥራ ስም ብቻ እንዲታወቅ፣ በራሱ ዋጋ ግን እንዳይታይ የሆነው ከጥንት መሆኑን ለማመልከት ነው።

ስለ ጨዋታም የባህሉን አመዳደብ ማየት ይገባል። የከተማይቱን ስም የተሸከመው የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ሲውል ጅራፍ የሚያጮኸው ወንዱ ልጅ ነው፤ ሙልሙሉን የሚጋግሩት እናትና እኅት ናቸው። በታኅሣሥ መጨረሻ የገናን ዱላ ይዘው ሩሯን የሚያሳድዱት ወጣቶችና ጎልማሶች ወንዶች ናቸው፤ በጥምቀት ሰሞን በፈረስ ጉግስ የሚጋጠሙትም እንዲሁ። ልጃገረዶች ጨዋታ አልነበራቸውም ማለት አይደለም፤ ቅልልቦሹ፣ ሰኞ ማክሰኞው፣ ገመድ ዝላዩ፣ አኩኩሉው የእነርሱ ነው፤ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ይላሉ፤ በጎረቤት ላስታና ዋግ ደግሞ በነሐሴ አጋማሽ አሸንድዬና ሻደይ የሚባለው ጭፈራ የእነርሱ በዓል ነው። ልዩነቱ ያለው ከጨዋታው ዓይነት ይልቅ በዕድሜው ላይ ነው። ወንዱ ልጅ የጀመረውን ጨዋታ ጎልምሶም ይጫወተዋል፤ ገናና ጉግስ የአዋቂ ሰው ክብር ናቸው። የሴቷ ጨዋታ ግን በአብዛኛው በጋብቻዋ ዕለት ያበቃል። ጋብቻው ደግሞ ቶሎ ይመጣ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ የወሰነው ዕድሜ 15 ዓመት ነበር፤ በገጠሩ አገር ይህም አይጠበቅም ነበር። ዕድሜው ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ በደጋው አገር አዋቂ ሴት ስትሮጥ ወይም ስትዘል የታየችበት ልማድ አልተፈጠረም። ሴት ልጅ ሠፈር አቋርጣ ስትሮጥ የታየች እንደሆነ ሰው ሞቷል ወይም ከብት ማሳ ገብቷል ማለት ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ይህን ልማድ በአንድ ጊዜ አልለወጠውም። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1924 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በከተማ ሴት ተማሪዎች ዘንድ ቀስ በቀስ የታወቀው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። የእርሻ ትምህርት ቤቶች ግን ሌላ መንገድ ሄዱ። የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት በ1939 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገው የእርሻ ትምህርት ስምምነት መሠረት የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1945 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ የዓለማያ ኮሌጅ ተከተለ። እነዚህ ተቋሞች የታሰቡት ለወንዶች ነበር፤ ሴት ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የስፖርት ሜዳው፣ መኝታ ቤቱና ሻወሩ ሁሉ የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። በኋላ ሴቶች ሲገቡ ቤቱን እንጂ ሜዳውን ያስተካከለ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ጅማንና ዓለማያን እንዲያቋቁም ውል የገባው የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ ነበር። ይህ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1945 እና በ1946 በወንዶች ቅርጫት ኳስ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን የሆነ ነው። ከዚህ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን በዚያው ክፍለ ሀገርና በአዮዋ የገጠር ትምህርት ቤቶች የገበሬ ሴት ልጆች ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ የነበረ መሆኑ ነው። ጨዋታው ለእነርሱ የተለየ ሕግ ነበረው፤ በእያንዳንዱ ወገን 6 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ 3ቱ ለማጥቃት፣ 3ቱ ለመከላከል ይመደባሉ፤ የሜዳውን መካከለኛ መሥመር ማለፍም ኳሷን ከሁለት ጊዜ በላይ ማንጠርም አይፈቀድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የአዮዋ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ማኅበር የሴቶችን ውድድር ለመተው ሲወስን፣ ውሳኔውን እምቢ ብለው የሴት ልጆችን ማኅበር ለብቻ ያቋቋሙት የትንንሽ የገጠር ከተሞች ትምህርት ቤቶች ኃላፊዎች ናቸው። ውድድር የሴትን አካል ይጎዳል ብለው የሠጉት በአብዛኛው የከተማ ሰዎች ነበሩ፤ ላም ስታልብና ድርቆሽ ስትከምር የሚያዩዋት ገበሬዎች ግን ልጃቸው ኳስ በመጫወቷ ትሰበራለች ብለው አልፈሩም። ይህ የስድስት ስድስት ጨዋታ በአዮዋ እስከ 1993፣ በኦክላሆማ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። እንግዲህ «በሥራ የጠነከረች ናት» የሚለው አንዱ ሐሳብ በአንዱ አገር ሴት ልጅን ወደ ሜዳ አስገባ፤ በእኛ አገር ከሜዳ አስቀረ። ሐሳቡ ራሱ ወደ አንድ መደምደሚያ የሚያስገድድ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዓለም መድረክም የሴት ሩጫ ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ «ከዐቅማቸው በላይ ነው» ተብሎ ርቀቱ ተሠረዘ። እስከ 1960 ድረስም በኦሎምፒክ ሴት ከ200 ሜትር በላይ እንድትሮጥ አልተፈቀደም። ይህ ሕግ በሚሠራባቸው ዓመታት ሁሉ የጋይንትና የስማዳ ሴቶች እንስራ አዝለው የሚወጡትን አቀበት ያየ ዳኛ ቢኖር ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። አገራችን ሴቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ የላከችው በ1972 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ሲሆን የሄዱትም 2 ብቻ ነበሩ። የሴቶች 10,000 ሜትር በኦሎምፒክ ለሁለተኛ ጊዜ በተካሄደበት በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ አሸነፈች፤ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ፋጡማ ሮባ ማራቶንን ደገመች። ሁለቱም የአርሲ ደጋ ልጆች ናቸው።

ከዚህ ላይ ደብረ ታቦርንና በቆጂን ማነጻጸር ለመምህራን ይጠቅማል። ሁለቱም በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ያሉ፣ ገብስ የሚዘራባቸው፣ ልጆች በእግር ትምህርት ቤት የሚመላለሱባቸው ከተሞች ናቸው። ከበቆጂ ግን ደራርቱና ጥሩነሽ ዲባባ ወጡ። ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያፈራ ቢሆን ኖሮ ጉና ሥር ያሉ ወረዳዎች ሁሉ በሜዳልያ በሞሉ ነበር። በበቆጂ የነበረው ልዩ ነገር ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ናቸው። እኒህ ሰው ልጆቹን፣ ሴትና ወንድ ሳይለዩ፣ በተወሰነ ሰዓት ሜዳ ያወጡ ነበር። ስታዲየም አልነበራቸውም፤ ሰዓትና ሰው ግን ነበራቸው። የዓለም ሻምፒዮን ማፍራት የእርሻ ትምህርት ቤት ሥራ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሻምፒዮኗም ተራዋ ልጅም የሚጀምሩት ከዚያችው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። የእርሻ ትምህርት በደቡብ ጎንደር በሰፊው የተስፋፋው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ በመላው አገር 25 የእርሻ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆች ተከፍተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ60,000 በላይ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ተመርቀዋል። ዐቅዱ በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ 3 ባለሙያዎችን መመደብ ነበር። ለዚህ አካባቢ ሥልጠናውን የሚሰጠው የወረታው ኮሌጅ ነው። ሴቶች ከምሩቃኑ መካከል አነስተኛው ክፍል ነበሩ። ሆኖም ቁጥራቸው ያነሰ ቢሆንም የተለወጠው ነገር ቀላል አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ ለወንድ ብቻ የተተወው የማረሻ እርፍ በተግባር ትምህርቱ ላይ በሴት ልጅ እጅ ገባ። በባህሉ ዘንድ ከኳስ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነበር። ማረሻው ከተፈቀደ በኋላ ሜዳው በሩቅ መቅረቱ ነው ለጸሐፊው የማይገባው።

የእርሻ ሥራ ስፖርትን ይተካል የሚለውን ሐሳብ ከአካል ጤና በኩል ብንመረምረው ብዙ አይቆምም። እንስራ ማዘልና ማረም ሰውነትን በአንድ አኳኋን ለረጅም ሰዓት አጉብጠው ያቆያሉ፤ ወገብና ጉልበት ይደክማሉ፣ ደረትና ትከሻ ግን አይከፈቱም። ስፖርት በአንጻሩ ያጠነክራል፣ ያሳርፋል፣ እንደገና ያጠነክራል፤ የጎበጠውን ያቃናል። ከዚህም ሌላ ሥራ የሚቆመው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ጨዋታ የሚቆመው በሕግ ነው። በመረብ ኳስ ሜዳ ላይ ልጅቱ ጮክ ብላ «የኔ!» ትላለች፤ ትሳሳታለች፣ ትሸነፋለች፣ በማግሥቱ ተመልሳ ትመጣለች። ነገ በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል በ40 ጎልማሳ ወንዶች ፊት ቆማ ስለ መሥመር አዘራር የምታስረዳ ሴት ድምፅዋን ከፍ ማድረግ የምትለምደው የት ነው? አረም ላይ አጎንብሳ አይደለም።

የችግሩ ሥር ያለው ሰሌዳው ላይ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ስፖርት የሚመደበው ከትምህርት በኋላ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ይህም «ነፃ ጊዜ» ይባላል። ለማን ነፃ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም። በደብረ ታቦር ከሩቅ ቀበሌ መጥተው የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክፍል ተከራይተው፣ በየሳምንቱ ከቤት ስንቅ እያመጡ ነው የሚኖሩት። ወንድምና እኅት አብረው ከተከራዩ 10 ሰዓት ላይ ወንድምየው ሜዳ ይሄዳል፤ እኅቱ እሳት ታነዳለች። በኮሌጅ የሚኖሩት ሴቶች ምግብ ቤት ስላላቸው በዚህ ይሻላሉ፤ ሆኖም ልብስ አጥቦ፣ ፀጉር ሠርቶ፣ ሳይመሽ መኝታ ቤት መግባት ይጠበቅባቸዋል። ኳሱ አንድ እንደሆነ ደግሞ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል፤ ቀድሞ የሚደርሰውም ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። በዓመቱ መጨረሻ በሚጻፈው ሪፖርት ላይ «ተማሪዎች በስፖርት ተሳትፈዋል» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ ሴቶቹን ግን አይጨምርም።

ስለ ልብስም ጥቂት መባል አለበት። ቁምጣ የለበሰች ልጃገረድ በገጠር ቀበሌ ያለነቀፌታ አታልፍም፤ ዝላይና ግልቢያ ድንግልናን ያጎድላል ብለው የሚሠጉ እናቶችም ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። ይህን ፍርሃት መሳደብ አይጠቅምም። ረጅም የስፖርት ሱሪና ሰፊ ካናቴራ ክርክሩን በግማሽ ይቀንሰዋል። ይልቅስ ዐቅድ አውጪው ሊያፍርበት የሚገባው የመታጠቢያ ውኃና በር ያለው መጸዳጃ ሳያዘጋጅ «ሴቶች በስፖርት አይሳተፉም» ብሎ መጻፉ ነው። በወር አበባዋ ሰሞን ያለች ልጅ ከሜዳ ብትቀር ምክንያቱ ከሜዳው ጋር የተያያዘ አይደለም።

በመጨረሻ የወቅት ነገር ይቀራል፤ ይህም በእርሻ ትምህርት ቤት ዘንድ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግር ይመስላል። ተማሪዎቹ በክረምት ማሳ ላይ ናቸው፤ ሜዳውም ጭቃ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የምትጾም ልጅ ከቀትር በፊት ሩጫ ብትታዘዝ መውደቋ አይቀርም፤ ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ ነው። ታዲያ መቼ ይጫወታሉ? መልሱን የቀድሞ ሰዎች አስቀድመው ሰጥተውታል። ገና የሚመታው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ጉግስም በጥር ነው። ባላገሩ ጨዋታውን የመደበው እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ መሬቱ ደርቆ፣ ጾሙም ገና ሳይጀመር ባሉት ሳምንታት ነው። የትምህርት ቤት የስፖርት ውድድር ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከላይ በሚመጣ ደብዳቤ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ጾም መካከል ላይ፣ አንዳንድ ጊዜ ፈተና ሲደርስ ይውላል። ውድድሩ በጥር ቢደረግ፣ ልምምዱም ከትምህርት ሰዓት ውስጥ እንደ ተግባር ትምህርት ተቆጥሮ በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ ለሴቶች ለብቻቸው ቢመደብ የሚጠይቀው ገንዘብ የለም። የሚጠይቀው ሰሌዳውን የሚያወጣው ሰው አንድ መሥመር እንዲጽፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ትመረቃለች፤ ምደባዋም ምናልባት በላይ ጋይንት ወይም በፋርጣ፣ ከጉና ሥር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ይሆናል። ሐምሌ ነው፤ ጅረቱ ሞልቷል፤ የአንዱ ጎጥ ገበሬዎች ከወንዙ ማዶ ናቸው። ሁለቱ ወንዶች የሥራ ባልደረቦቿ ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለሉ ተሻግረዋል። እርሷም ጫማዋን አውልቃ የመጀመሪያውን ድንጋይ በዐይኗ ትለካለች።